በ30 ፓውንድ 800 ማይል፤ የደራሲዋ የሜሪ ሼሊ ሕይወትና ጕዞ

የውጭ አገር ለማየት የማይመኝ ወጣት የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ተማሪው የመጨረሻውን ፈተና እንደ ፈጸመ፣ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም የመጀመሪያውን የዓመት ፈቃድ እንዳገኘ፣ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ ባሕር መሻገሩ የተለመደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጣት ካርታውን ትቶ ኪስን ሲዳስስ ነው። ሆኖም ከሚወዱት ሰው ጋራ ጥቂት ገንዘብና አንድ ከረጢት ይዞ መውጣት በሐሳብ ሲታይ ሁልጊዜ ቀላል ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ታሪኳን የምናቀርበው ሴት በዚህ ዓይነት መንገድ ከቤቷ ወጥታ፣ ያየችውን ወደ መጽሐፍ የለወጠች፣ የጕዞዋንም ዋጋ ለብዙ ዘመን ስትከፍል የኖረች ደራሲ ናት። እርሷም ፍራንከንስታይን የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈችው ሜሪ ሼሊ ናት። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጻሕፍትና የዕዳ ቤት

ሜሪ በለንደን ከተማ ኦገስት 30 ቀን 1797 ተወለደች። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ስለ ሴቶች መብት በ1792 ባሳተመችው መጽሐፍ ስሟ የታወቀ ደራሲ ነበረች፤ ነገር ግን ልጇን ወልዳ 11 ቀን ብቻ ቈይታ በወሊድ ሕመም ሞተች። አባቷ ዊልያም ጎድዊን በ1793 ስለ ፖለቲካና ስለ ፍትሕ በጻፈው መጽሐፍ የዘመኑን ወጣቶች ልብ የማረከ ፈላስፋ ሲሆን፣ በሐሳብ ባለጸጋ፣ በገንዘብ ግን ከዕዳ የማይወጣ ሰው ነበረ። በ1801 ሁለተኛ ሚስት ሲያገባ ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ ስለ መጣች፣ ሜሪ ኋላ ክሌር ተብላ ከታወቀች የእንጀራ እኅቷ ጋራ አደገች። መደበኛ ትምህርት እምብዛም አላገኘችም። የአባቷ መጻሕፍትና ወደ ቤቱ ይመላለሱ የነበሩት ሊቃውንት ትምህርት ቤት ሆኑላት። የእናቷንም ድርሰቶች እየደጋገመች ታነብ ነበር።

በ1814 ወደዚህ ቤት ፐርሲ ሼሊ የሚባል ወጣት ባለቅኔ መመላለስ ጀመረ። ፐርሲ የባለጸጋ ባላባት ልጅና የማዕርግ ወራሽ ሲሆን፣ በ1811 የእግዚአብሔርን መኖር የሚክድ ትንሽ ጽሑፍ አሳትሞ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተባረረ ነበረ። በዚያው ዓመት ሃሪየት የተባለች ልጃገረድ አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል፤ ሃሪየት ሁለተኛውን አርግዛ ነበር። እርሱ ግን ከሜሪ ጋራ በእናቷ መቃብር አጠገብ እየተገናኘ ይጨዋወት ጀመር፤ ብዙም ሳይቈይ ሁለቱ ያለ እርስ በርሳቸው ለመኖር እንደማይችሉ ተማመኑ። ጎድዊን በመጽሐፉ ጋብቻን ሲነቅፍ የኖረ ሰው ቢሆንም፣ ነገሩ በገዛ ልጁ ሲመጣ ፐርሲን ከቤቱ ከለከለው።

አህያዪቱ

ጁላይ 28 ቀን 1814 ማለዳ፣ ቤተ ሰቡ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሜሪ ተደብቃ ወጣች። ዕድሜዋ 16 ዓመት ነበረ፤ ፐርሲ 22 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ክሌርም ፈረንሳይኛ ስለምታውቅ አብራቸው ሄደች። በዚያው ማታ ከዶቨር ወደብ በትንሽ ጀልባ ተሳፈሩ። ሌሊቱን ማዕበል ተነሣባቸው፤ ሜሪም ታማ በፐርሲ ጉልበት ላይ ተደግፋ አደረች፤ ሲነጋ ካሌ ደረሱ። የእንጀራ እናቷ ክሌርን ለመመለስ ባሕር ተሻግራ ተከተለቻቸው፤ ነገር ግን ልጅቷ እምቢ ስላለቻት ብቻዋን ተመለሰች።

ፓሪስ ሲደርሱ ገንዘባቸው አልቆ ነበርና ፐርሲ ሰዓቱን ከነሰንሰለቱ ሸጠ። ከብዙ መመላለስ በኋላም 60 ፓውንድ ያህል አገኙ። ይህ ለሦስት ሰው ሠረገላ ተከራይቶ እስከ ስዊስ ለመዝለቅ ስለማይበቃ በእግር ለመሄድ ቈረጡ። ያረፉበት ሆቴል ባለቤት ከጦሩ የተበተኑ ወታደሮች በየመንገዱ እንዳሉ ነግራ ብታስፈራራቸውም አልሰሟትም።

ዕቃቸውን የምትሸከም፣ የደከመንም የምታሳርፍ አህያ ከገበያ ገዙ። የአገራችን ነጋዴ አህያ ሲገዛ ጥርሷን ያያል፣ ጀርባዋን ይዳስሳል፣ ጥቂትም ያስኬዳታል። ባለቅኔውና የፈላስፋው ልጅ ግን ይህን ጥበብ ከመጻሕፍት አላገኙትም። ከከተማው ብዙ ሳይርቁ አህያዪቱ ደከመች፤ እርሷን መግፋትና መደገፍም የእነርሱ ሥራ ሆነ። አገሩን የለቀቀ ሰው አህያም ፈረስም ይሆናል የሚለው የአበው አነጋገር በእነዚህ ወጣቶች ላይ ቃል በቃል ደረሰ። በማግስቱ በኪሳራ ሸጠው በቅሎ ገዙ።

ያልፉበት የነበረው የሻምፓኝ አገር በዚያው ዓመት መጀመሪያ ናፖሊዮንና ጠላቶቹ የተዋጉበት ነው። የኖዣን ከተማ ፈርሳ፣ መንደሮች ተቃጥለው፣ ጣራቸው የወደቀ ቤቶች በየመንገዱ ዳር ቆመው አገኙ። ወተት ሲጠይቁ ላሞቹን ኮሳኮች እንደ ነዷቸው ይነገራቸው ነበር፤ ዳቦውም የደረቀና የኮመጠጠ ነበረ። በአንድ ማረፊያ ቤት አይጥ በክሌር ፊት ላይ ስለ ሄደ ልጅቷ ደንግጣ ከጓደኞቿ መኝታ ተጠጋች። ከሁሉ የባሰው የፐርሲ ቁርጭምጭሚት ወለም ማለቱ ነው። እንግዲህ በቅሎዋ ለሴቶቹ መሆኗ ቀርቶ ለእርሱ ሆነች፤ እነርሱ በእግራቸው ተከተሉ። ትሯ ከተማ ሲደርሱ በቅሎዋንም ከነኮርቻዋ አክስረው ሸጡና ክፍት ጋሪ ገዝተው ነጂ ቀጠሩ። ፐርሲ ከዚህች ከተማ ሆኖ ለሚስቱ ለሃሪየት ደብዳቤ ጻፈ፤ በስዊስ አገር መጥታ አብራቸው እንድትኖርም ጋበዛት። ያረገዘች ሚስት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት ያሰበ አይመስልም።

ስድስት ወር ተከራይተው ሁለት ቀን

በስዊስ ነሻቴል ከተማ ደግሞ ከባንክ ጥቂት ገንዘብ አገኙ። በሉሰርን ሐይቅ ዳር ብሩነን በምትባል ሥፍራ ለስድስት ወር ብለው ሁለት ክፍል ተከራዩ። በዚያ ሊያነቡ፣ ሊጽፉና በሰላም ሊኖሩ አስበው ነበር። ነገር ግን ቤቱ ደስ የማይል፣ ምድጃውም አስቸጋሪ ሆነ፤ ገንዘባቸውን ቢቈጥሩት 28 ፓውንድ ብቻ ቀርቷል። ከአገር ቤት አዲስ ገንዘብ እስኪመጣ ወራት ሊያልፍ ስለሚችል፣ ስድስት ወሩን በሁለት ቀን ጨርሰው ወደ አገራቸው ለመመለስ ወሰኑ።

ከየብስ ይልቅ በውኃ መሄድ ይረክስ ስለ ነበረ ሮይስ በተባለው ወንዝ ጀምረው፣ ከባዝል ወዲህ በራይን ወንዝ በስትራስቡርግ፣ በማይንስና በኮሎኝ በኩል ቍልቍል ወረዱ። ሜሪ 17ኛ ዓመቷን የደፈነችው በዚህ መንገድ ላይ ነው። በጀልባው ላይ እናቷ ስለ ሰሜን አውሮፓ ጕዞዋ የጻፈችውን ደብዳቤ ያነቡ ነበር። በሁለቱ ዳርቻ ያሉት ተራሮች፣ የወይን ቦታዎችና የፈረሱ ግንቦች ሜሪን እጅግ ደስ አሰኟት። አብረዋት ስለ ተሳፈሩት ተራ ሰዎች የጻፈችው ግን ንቀት የተቀላቀለበት ነው። ርካሽ ጕዞ ከድሃ ጋራ ያሳፍራል እንጂ ድሃን ያስወድዳል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1814 በቴምዝ ወንዝ አፍ ግሬቭስኤንድ ሲደርሱ የመርከቡን ዋጋ የሚከፍሉበት አንድ ሳንቲም አልነበራቸውም። 800 ማይል ያህል ከ30 ፓውንድ ባነሰ ገንዘብ መጓዛቸውን ሜሪ ኋላ በመጽሐፍ ጽፋዋለች፤ ያ መጽሐፍ ስለ ስድስት ሳምንት ጕዟቸው የሚተርከውና በ1817 ያለ ደራሲ ስም የታተመው ነው። የመጨረሻው ሒሳብ እንዴት እንደ ተከፈለ ግን በዚያ መጽሐፍ አይገኝም። ፐርሲ ገንዘብ ፍለጋ ወደ ተዋት ሚስቱ ወደ ሃሪየት ሄደ፤ ሜሪና ክሌር ደጅ በሠረገላ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ቈዩ። ገንዘቡን የሰጠችው ሃሪየት ናት።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከአህያዪቱም ከበቅሎዋም ይልቅ የሚታየን ይህ ደጃፍ ነው። ጕዞው ርካሽ የሆነው ለተጓዦቹ ብቻ ነበረ።

የተከፈለ ዋጋ

ከተመለሱ በኋላ ጎድዊን ልጁን አላይም አለ፤ ከፐርሲ ገንዘብ መጠየቁን ግን አልተወም። በዚያ መከር ፐርሲ ከባለ ዕዳ አሳዳጆች ተሸሽጎ ይኖር ነበርና ሜሪን ያለ ሥጋት የሚያገኛት እሑድ እሑድ፣ በሕግ ሰው ለዕዳ በማይያዝበት ቀን ብቻ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1815 ሜሪ ያለ ጊዜዋ የወለደቻት ሴት ልጅ ጥቂት ቀን ብቻ ቈይታ ሞተች። በዚያው ዓመት የፐርሲ አያት ስለ ሞቱ በዓመት 1000 ፓውንድ ይቈረጥለት ጀመር፤ ከዚህም 200ው ለሃሪየት ነበረ።

በ1816 በጋ ሜሪና ፐርሲ ከክሌር ጋራ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሰነበቱ፤ ጎረቤታቸውም ታዋቂው ባለቅኔ ባይረን ነበረ። በ1815 በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ አመድ የዓለሙን አየር ስላበላሸ በጋው ዝናምና ብርድ ሆኖ ነበር። ከቤት መውጣት ባቃታቸው ጊዜ ባይረን እያንዳንዳቸው የሚያስፈራ ተረት እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። የ18 ዓመቷ ሜሪ በሬሳ ሥጋ ፍጡር ሠርቶ ከፈጠረው በኋላ ስለ ሸሸው ተማሪ መጻፍ ጀመረች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 ያለ ስሟ በ500 ቅጂ የታተመው ፍራንከንስታይን ይህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ተማሪው ቪክቶርና ጓደኛው ክለርቫል ከስትራስቡርግ ተነሥተው በራይን ወንዝ በጀልባ ይወርዳሉ፤ የሚያዩትም ሜሪ በ1814 ያየችውን ግንብና ወይን ነው። በዚያ በባዶ ኪስ መንገድ የሰበሰበችው ስንቅ እዚህ ላይ ዋለ። የመጽሐፉም ጭብጥ አንድ ሰው ለሐሳቡ ሲል ያመጣውን ነገር ትቶ ሲሄድ የሚደርሰው ጥፋት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በዲሴምበር 1816 ሃሪየት በለንደን ሰርፐንታይን በተባለው ሐይቅ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ከጥቂት ቀን በኋላ ዲሴምበር 30 ሜሪና ፐርሲ በሕግ ተጋቡ፤ በ1817 ፍርድ ቤት የሃሪየትን ልጆች ለፐርሲ አልሰጥም አለ። በ1818 ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ። ታናሺቱ ልጃቸው ክላራ በዚያው ዓመት በቬኒስ፣ ዊልያም የተባለው የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ በ1819 በሮም ሞቱ። በ1819 መጨረሻ በፍሎረንስ የተወለደው ፐርሲ ፍሎረንስ ብቻ ተረፈላት። ጁላይ 8 ቀን 1822 ባሏ ከሊቮርኖ በጀልባ ሲመለስ በማዕበል ሰጠመ፤ አስከሬኑም በቪያሬጆ ባሕር ዳር ተቃጠለ። ሜሪ በ24 ዓመቷ መበለት ሆነች።

እንደ ገና በመንገድ ላይ

በ1823 ልጇን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። አማቷ ሰር ቲሞቲ ለልጅ ልጃቸው ትንሽ ቀለብ በብድር መልክ ቢቈርጡም የልጃቸውን ታሪክ እንዳትጽፍ ከለከሏት። ሜሪም በብዕሯ ልጇን አሳደገች። ወረርሽኝ የሰውን ዘር ስለሚያጠፋበት ዘመን በ1826 ልብ ወለድ አሳተመች፤ ለመዝገበ ዕውቀት የደራሲዎችን ታሪክ ጻፈች፤ የባሏንም ግጥሞች አርማ በ1839 ከማስታወሻ ጋራ አወጣች። ሰር ቲሞቲ ያገዱት የሕይወት ታሪክ በእነዚህ ማስታወሻዎች መካከል ገብቶ ታተመ። ዛሬ ፐርሲ ሼሊን የሚያነብ ሁሉ የሜሪ ባለ ዕዳ ነው።

በ1840 ከልጇና ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ኢጣልያ ተጓዘች። ልጁ ለካምብሪጅ ትምህርቱ መመለስ ስለ ነበረበት ቀደመ፤ የምትጠብቀው ገንዘብ በደብዳቤ ስለ ዘገየባት ግን እርሷ በሚላኖ ብቻዋን ቀረች። ከ26 ዓመት በኋላ ይኸው የገንዘብ ነገር በሰው አገር አገኛት። ገንዘቡ ሲደርስ በጄኔቫ በኩል ስትመለስ በ1816 የኖሩባቸውን ቤቶች ከሩቅ አየቻቸው። ቤቶቹ ቆመዋል፤ አብረዋት ከነበሩት ብዙዎቹ ግን አልነበሩም። በ1844 ያሳተመችው የመጨረሻ መጽሐፏ የዚህና የሚቀጥለው ጕዞዋ ታሪክ ነው። በዚህ ላይ የተራውን ሰው ኑሮና የኢጣልያን ሕዝብ የነጻነት ምኞት በርኅራኄ ትመለከታለች፤ በራይን ጀልባ ላይ የነበረችው ልጅ አድጋለች። ሜሪ ሼሊ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1851 በለንደን በ53 ዓመቷ ሞተች፤ በቦርንመዝም ተቀበረች።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ ታሪክ አትሂዱ የሚል ምክር እንዲያወጡ አንፈልግም። ሜሪ ባትሄድ ኖሮ ራይንን አታይም፤ ጄኔቫንም፤ ፍራንከንስታይንም አይጻፍም ነበር። ትንሽ ገንዘብ ይዞ መውጣት ነውር አይደለም፤ የኮመጠጠ ዳቦም ሰው አይገድልም። መንገደኛ ሒሳቡን ሲያሰላ ግን በኪሱ ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ሲሄድ በቤት የቀረው ሰው የሚከፍለውንም ጨምሮ ይቍጠር። የሜሪ መዝገብ 30 ፓውንድ ይላል፤ የሃሪየት መዝገብ ግን አልተጻፈም።