ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግንባታ መሠረት የጣሉት ሊቅ

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው አዳማ ከተማ ፎቅ ለመሥራት የሚነሳ መሐንዲስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል የሚችለውን ኃይል በስሌቱ ውስጥ ማካተት ይጠበቅበታል። ይህን ኃይል ለመገመት የሚያስፈልገውን የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በማሰባሰብ ቀዳሚውን ሥፍራ የያዙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የጂኦፊዚክስ ሊቅ ፒዬር ጉዋን ናቸው።

ጉዋን በካናዳ ኢየሱሳውያን ይመራ በነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን አቋቁመዋል። እ.ኤ.አ በ1957 እና በ1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ለተቋሙ መመሥረት ምክንያት ሆኗል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ የሚያልፍ በመሆኑ የጣቢያው የመጀመሪያ ተግባር የመግነጢስ ልኬት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ተተክሏል።

እ.ኤ.አ በ1961 በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በ1969 ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። ሁለቱም አደጋዎች የጉዳዩን አሳሳቢነት ያመለከቱ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የጥቂት ዓመታት ምዝገባ ብቻውን በቂ አልነበረም። ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ ሥፍራ የሚደጋገመው በረጅም ጊዜ ልዩነት በመሆኑ፣ ጉዋን የነገሥታት ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻዎች መርምረዋል። በላንጋኖ አካባቢ እ.ኤ.አ በ1906 የደረሰውንና እስከ አዲስ አበባ የተሰማውን ብርቱ መንቀጥቀጥም በዝርዝር አጥንተዋል። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው በ1979 በኦታዋ ታትሟል። ከዚያ በኋላ የአገሪቱን የአደጋ ሥጋት ካርታ ያዘጋጁ ተመራማሪዎች ይህን ሥራ መነሻ አድርገዋል።

ጉዋን ምዝገባውን በጀመሩበት ወቅት የምሕንድስና ስሌትም በመለወጥ ላይ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ክላፍ እ.ኤ.አ በ1960 ፋይናይት ኤለመንት የሚል ስያሜ የሰጡት ዘዴ፣ አንድን ሕንፃ ወይም ግድብ በሐሳብ ወደ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍላል። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ክፍል ግትርነትና ክብደት አጣምሮ መዋቅሩ የት እንደሚታጠፍና የት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ያሰላል። ዛሬ በምሕንድስና ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ይህ ዘዴ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ የመሬቱን ንቅናቄ መጠን ከራሱ አያመነጭም። መጠኑ የሚገኘው ካለፉት መንቀጥቀጦች መዝገብ ነው። መዝገቡ ከጎደለ የስሌቱ ውጤትም ይሳሳታል።

እ.ኤ.አ በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ አዳማን በከፍተኛው፣ ማለትም በአራተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጣና መድቧት ነበር። የደንቡ ስሌት የተመሠረተው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ በሚችል ንቅናቄ ላይ ነበር። በ2015 የወጣው ደንብ ይህን ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። የጊዜው ርዝመት ሲጨምር ሕንፃው ሊቋቋመው የሚገባው ኃይልም ከፍ ይላል።

ጉዋን ወደ ካናዳ ከተመለሱ በኋላ በኩቤክ የጥንት መንቀጥቀጦች ላይ ተመሳሳይ ጥናት አካሂደው በ2001 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

እርሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የደረሰው ተከታታይ መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አንስቷል። ንዝረቱ በአዳማና በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ጭምር ተሰምቷል። ጉዋን የመሠረቱት ኦብዘርቫቶሪ ወራሽ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋምም ክስተቱን ሲከታተል ቆይቷል። እነዚህ መንቀጥቀጦች ጉዋን በጀመሩት መዝገብ ላይ የሚጨመሩ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደፊት ለሚገነቡ ሕንፃዎች ስሌት ግብዓት ይሆናሉ።