አስናቀች ወርቁ

አስናቀች ወርቁ (በ1920ዎቹ ዓ.ም. ተወልዳ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ያረፈች) ኢትዮጵያዊት ተዋናይት፣ ድምፃዊት፣ ገጣሚና ክራር ተጫዋች ነበረች። በአገሪቱ ዘመናዊ የቴአትር መድረክ ላይ ቀድመው ከወጡት ሴቶች አንዷ ናት። አድናቂዎቿ በቁልምጫ አስኒ ይሏታል። በመልኳ፣ በአለባበሷና በክራር አጨዋወቷ በዘመኗ ዝነኛ ነበረች።

ወደ መድረክ አመጣጧ

አስናቀች የተወለደችው በአዲስ አበባ ነው። ቴአትር በአገሪቱ ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርያትን ሳይቀር የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱና ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ። በሕዝብ ፊት የምትዘፍን ወይም የምትተውን ሴት አዝማሪ እየተባለች ትናቅ ነበር። ቃሉ የሙያ መጠሪያ ቢሆንም እንደ ስድብም ያገለግል ስለነበር፣ ብዙ ቤተሰብ ሴት ልጁ ወደዚህ ሙያ እንድትገባ አይፈቅድም ነበር። አስናቀች ወደ መድረክ የወጣችው ይህን ሁሉ ተቋቁማ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። ለምረቃው የቀረበውም የመኮንን እንዳልካቸው ድርሰት ዳዊትና ኦርዮን ነበር። ይህ ቤት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተብሏል። አስናቀች በተዋናይነትና በድምፃዊነት ለረጅም ዓመታት ያገለገለችው በዚሁ ቤት ነው።

ክራርና ግጥም

አስናቀች ክራርን የተማረችው በራሷ ጥረት ነው። ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ሲሆን፣ ተጫዋቹ ዜማው በሚጠይቀው ቅኝት መሠረት አውታሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል። ከዋናዎቹ አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ መካከል ባቲና አምባሰል የሚጠሩት በወሎ በሚገኙ ቦታዎች ስም ነው። በአስናቀች አጨዋወት ክራሩና ድምፁ አይሻሙም፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። ከታላቅ ባንድ ጋር ሳይሆን በክራሯ ታጅባ መዝፈኗም በኤሌክትሪክ መሣሪያና በነፋስ መሣሪያ ኦርኬስትራ በሚታወቀው በ1960ዎቹ ዘመን ለይቶ የሚያሳያት ነው። በፍቅር ዘፈኖቿ ሰምና ወርቅ ትጠቀማለች፤ ግጥምንም በቅጽበት እየፈጠረች ትመልስ ነበር።

መልክና ዝና

አስናቀች ቁንጅናዋን የማትደብቅ፣ ጌጥና ልብስ የምትወድ ሴት ነበረች። ይህ አድናቂ አበዛላት፤ ሐሜትም አስከተለባት። በመድረክ ላይ ያጨበጨበላት ኅብረተሰብ ከመድረክ ስትወርድ ነጻ አኗኗሯን ይነቅፍ ነበር። ስለዚህ በብዙ ሰው ወሬ ውስጥ መልኳና የግል ሕይወቷ ሙያዋን ሸፍነውት ኖረዋል።

ዕረፍትና መታሰቢያ

በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ የሙዚቃ አልበም 16ኛ ክፍል ለአስናቀች ሥራዎች ተሰጠ። በዚህም የክራር ዘፈኖቿ ከኢትዮጵያ ውጭ ላሉ አድማጮች ደረሱ። በመጨረሻ ዓመታቷ በሕመም ምክንያት ከመድረክ ርቃ ቆይታ፣ አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን በአዲስ አበባ አረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. የራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም አስኒ ለተመልካች ቀረበ። ፊልሙ የአስናቀችን ሕይወት ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከነበረችው አዲስ አበባ ጋር አያይዞ ይተርካል።

በዚያ ዘመን የቀረቡ አብዛኞቹ ቴአትሮች በፊልም አልተቀረጹም። ስለዚህ መድረክ ላይ አይተዋት ለማያውቁ አድናቂዎቿ የትወና ችሎታዋ ከእማኞች ትዝታ ውጭ የሚታይበት መንገድ ጥቂት ነው። የወጣትነት ፎቶግራፎቿ ውበቷን ያሳያሉ፤ ለስሟ ዋናው ምስክር ግን በሸክላና በካሴት የቀረው የክራሯና የድምጿ ቅጂ ነው።