ጄምስ ብሩስና የሰሜን ተራሮች አመዳይ

ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ፣ ኪናርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ የዓባይን ምንጭ ለማየት ቆርጦ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ ሊማሊሞን አቋርጦም በ1770 ጎንደር ገባ። ኳድራንት፣ ቴሌስኮፕ፣ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር ይዞ ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል በሚዋጉበት በዚያ የሁከት ዘመን የጎንደርን ዝናብ ለክቶ መዝግቧል፤ ይህም በኢትዮጵያ በመሣሪያ ከተደረጉት ቀደምት የአየር ጠባይ ምዝገባዎች አንዱ ነው።

በ1790 የጉዞ ታሪኩን በ5 ጥራዝ ሲያሳትም ያየውን ሁሉ ብዙዎች ተረት ነው አሉት። የሚያሳዝነው ግን እርሱም በሌሎች ላይ ያንኑ ማድረጉ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጣውን የጀሮኒሞ ሎቦን ምስክርነት አጥብቆ ነቀፈ፤ በሰሜን ተራሮችም አመዳይ አላየሁም አለ። ይሁን እንጂ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ ከአዱሊስ ገልብጦ ያቆየው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ወታደሮች በዚያው አገር እስከ ጉልበታቸው በአመዳይ ውስጥ መሄዳቸውን ያወሳል። በኋላም ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አመዳዩን ማየቱን ገለጸ፤ ብሩስ ያላየውም ከተራሮቹ ግርጌ ከፍ ስላላለ መሆኑን አስረዳ።

ክርክሩን ያወሳሰበው አንዱ ነገር ቋንቋ ነው። በተለምዶ በረዶ የሚለው ቃል ሁለቱንም ይጠቀልላል። አመዳይ ከተን በቀጥታ የሚበቅል የክሪስታል ቅንጣት ነው። በረዶ ግን በነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ፣ ወደ ላይ በሚነፍስ ብርቱ አየር ተይዞ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ የውሃ ጠብታ እየለበሰ የሚጠነክር ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ ዲያሜትሩ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን በረዶ ይባላል፤ ያነሰው በሌላ ስም ይመዘገባል። ውርጭ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ እዚያው መሬት ላይ ይፈጠራል። ሦስቱም መሬቱን ስለሚያነጡ ንጣት ብቻውን፣ ይልቁንም ከሩቅ ሲታይ፣ በቂ ማስረጃ አይሆንም።

በአርሲ ነገሌ በክረምት ነጎድጓድ በእህል ላይ የሚወርደውን በረዶ የሚመዘግብ ታዛቢም የቅንጣቱን ዓይነትና መጠን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ለይቶ ካልጻፈ፣ ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ መነሻ ያጣል።

ብሩስ በ1794 በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በመሣሪያ የለካው ዝናብ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ያልወጣበት ተራራ ግን ስሙን አስነቅፎታል። አለመታየት በመዝገብ ላይ አለመኖር ተብሎ ሊጻፍ አይገባምና።