ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የሕዝብ ጤና

የሕዝብ ጤና በመድኃኒት ብቻ ይጠበቃል የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ስሕተት ነው። በሽታ ከኑሮ ሁኔታ ተነጥሎ አይታይም። በሰላ ድንጋይና በመሰል የሰሜን ሸዋ ደጋማ ቀበሌዎች ብርዱ ቤተሰቡን በአንድ ጋቢ ሥር ሲሰበስብ፣ ውኃ ሲርቅና ልብስ ሳይታጠብ ሲከርም፣ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ ትኩሳት መንገድ ያገኛሉ። መድኃኒት የታመመውን ያድናል፤ መንገዱን ግን አይዘጋም። ይህን እውነት በሥራቸው ካስመሰከሩት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አዳበሩ፤ በበርማም አገለገሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛ አይችሉም ነበር፤ ዘመዶቻቸው ግን በልጅነት ጠባሳቸው ለዩአቸው። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እኒህ ናቸው።

የታላላቅ ሰዎች ሐኪም ሆነው በምቾት መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከሕክምናው ባሻገር ተመለከቱ። የአዲስ አበባን ፍልውኃ መታጠቢያ አደራጁ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት እንዲሰጥ ደከሙ። በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው መንገድና ትምህርት ቤት አስፋፉ። ንጽሕና፣ ዕውቀትና ነፃነት በሌሉበት ጤና እንደማይጸና ይህ ሁሉ ያስረዳል።

የከፈሉት ዋጋም ከባድ ነበር። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ሲሟገቱ፣ ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም. የካቲት ጭፍጨፋ ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ልጆቻቸውን ገደሉባቸው። እሳቸውም በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ሆኖም የጥረታቸውን ውስንነት ሳንጠቁም አናልፍም። የለውጡ አንቀሳቃሽ በጎ ፈቃድ ያለው ሹም እንጂ የተደራጀ ሕዝብ አልነበረም፤ ሹሙ ሲነሣ ሥራው ባለቤት ያጣል። በቻይና ከ1960ዎቹ ወዲህ በየመንደሩ የሠለጠኑት ባዶ እግር ሐኪሞች፣ በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች መመደቡ፣ የጤና ጥበቃ ከሹም እልፍኝ ወደ ገበሬው ጓሮ መውረድ እንዳለበት ያሳያሉ።

እንግዲህ ምንጭ ስናጎለብት፣ መጸዳጃ ስንቆፍር፣ ልብስና መኝታ በፈላ ውኃ ስናጥብ፣ ሐኪም ወርቅነህ የጀመሩትን ሥራ እኛው ራሳችን ባለቤት ሆነን እንቀጥላለን። ከእንግዲህ የሚጠበቀው ሌላ ሹም አይደለም፤ የእያንዳንዳችን እጅ ነው።