ሉዊ ቡታን

ሉዊ ቡታን (1859–1934 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ፣ ጠላቂና ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የባሕር እንስሳትን ከውኃ ሳያወጣ፣ በሚኖሩበት ቦታ እንዳሉ ፎቶግራፍ የማንሳት ዘዴን ከፈጠሩት ሰዎች ቀዳሚው ነው። በ1900 ያሳተመው መጽሐፍም በዚህ ሙያ ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራል። የሠራባቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ በአንድ የባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ከመዳብ፣ ከጎማ፣ ከመስታወትና ከተራ በርሜል የተበጁ ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ቡታን ማርች 6 ቀን 1859 በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ቬርሳይ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ አጠና። በ1880 በአውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ለተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከፈረንሳይ ከተላኩት አንዱ ሆኖ ሄደ፤ አጋጣሚውንም የአገሩን እንስሳት ለማጥናት ተጠቀመበት። ከተመለሰ በኋላ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ፊሱሬላ በምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ይህች እንስሳ ዛጎሏ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሲሆን ዐለት ላይ ተጣብቃ ትኖራለች። ቡታን በሊል ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይም ወደ ቀይ ባሕር ተጉዞ የጉዞውን ዘገባ አሳትሟል።

በባንዩልስ ላቦራቶሪ

ሕይወቱን የለወጠው ባንዩልስ ሱር ሜር ነው። ይህ ከተማ በፈረንሳይ ደቡብ፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ይገኛል። አንሪ ደ ላካዝ ዱቲዬ የተባለው ስመ ጥር የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ በዚያ የአራጎ ላቦራቶሪን አቋቁሞ ነበር። ቡታን በዚያ መሥራት ሲጀምር ላቦራቶሪው የራሱ የመጥለቂያ ልብስ ነበረው።

በዚያ ዘመን የባሕር እንስሳት ጥናት የሚካሄደው በመረብና በመጎተቻ ነበር። ከባሕሩ ወለል ተጠርገው የሚወጡት እንስሳት አብዛኞቹ የተጨፈለቁ ወይም የሞቱ ናቸው። በጠርሙስ አልኮል ውስጥ ሲቀመጡ ደግሞ ቀለማቸውን ያጣሉ፤ ቅርጻቸውም ይጨማደዳል። ተመራማሪው እንስሳው ከማን ጋር ጎን ለጎን እንደሚኖር፣ ከዐለቱ በየትኛው በኩል እንደሚጣበቅ ወይም ምን ሲያደርግ እንደተያዘ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጫካን ገብቶ ሳያዩ ከላይ በተጣለ መንጠቆ እንደማጥናት ያህል ነው።

ቡታን ልብሱን ለብሶ ወረደ። ልብሱ የናስ ራስ ቁር፣ ወፍራም ጎማ ነክ ሸማና የእርሳስ ጫማ ያለው ነው። አየሩ የሚመጣው ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች በእጃቸው ከሚያንቀሳቅሱት ፓምፕ በረጅም ቱቦ ነው፤ ፓምፑ ቢቆም ወይም ቱቦው ቢቀደድ ጠላቂው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ከታች ያየው ዓለም ግን እጅግ ማረከው። ችግሩ ያየውን ለሌላው ማሳየት ነበር። በዚያ ከባድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሥዕል መሣል አይቻልም፤ ከውኃ ከወጡ በኋላ በቃል የሚነገረው ደግሞ ለሳይንስ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ካሜራውን ይዞ ለመውረድ ወሰነ።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1856 እንግሊዛዊው ዊሊያም ቶምፕሰን በዌይመዝ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ካሜራ በሣጥን አድርጎ ከጀልባ አውርዶ አንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ አንስቷል። ውኃ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቶምፕሰንም ሥራውን አልገፋበትም። ከቡታን ጋር ያለው ልዩነት ቶምፕሰን ጀልባው ላይ መቅረቱ ነው። ቡታን ከካሜራው ጋር ወርዶ፣ የሚነሳውን ነገር መርጦ፣ ካሜራውን በእጁ አስተካክሎ አነሳ።

የካሜራው አሠራር

የመጀመሪያው ካሜራ በ1893 ተሠራ። የሣጥኑን ንድፍ ያወጣው መሐንዲስ የነበረው ወንድሙ ኦጉስት ቡታን ሲሆን የሠራው የላቦራቶሪው መካኒክ ጆዜፍ ዳቪድ ነው። በአጭር የታሪክ ዝርዝሮች ውስጥ የሁለቱ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ ካሜራው ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም ነበር።

ካሜራው ራሱ በገበያ የሚገኝ ትንሽ የእጅ ካሜራ ነበር። ዙሪያው በመዳብ ሣጥን ተሸፈነ፤ በሌንሱ ፊት መስታወት ተገጠመ፤ መክፈቻውና የመስታወት ሰሌዳ መቀየሪያው ከውጭ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ፊልም ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ጊዜ ምስሉ የሚቀረጸው በኬሚካል በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግፊት ነው። ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። ሣጥኑ ይህን እንዲቋቋም ከተፈለገ ግድግዳው ወፍራም፣ መጋጠሚያው እጅግ የተጣራ፣ ዋጋውም ውድ መሆን አለበት። ቡታኖች ሌላ መንገድ መረጡ። አየር የተሞላ የጎማ ፊኛ ከሣጥኑ ጋር በቱቦ አገናኙ። ካሜራው ሲወርድ የባሕሩ ግፊት ፊኛውን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ስለዚህ የውስጡና የውጩ ግፊት እኩል ይሆናል። ግፊቱ እኩል ከሆነ ውኃውን ወደ ውስጥ የሚገፋው ኃይል አይኖርም። ወፍራም ብረት ሊሠራው የነበረውን ሥራ አንድ ፊኛ ሠራው። ከጠቅላላው ፈጠራ ውስጥ እጅግ ብልህ የሆነው ክፍል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ አልተሳካም። ቡታን ውኃን ከማስወጣት ይልቅ ሆን ብሎ ወደ ካሜራው እንዲገባ ቢደረግስ ብሎ፣ ሰሌዳዎቹን በቫርኒሽ አስቀብቶ ባሕሩ ውስጥ ነከራቸው፤ ውጤቱ ግን አላረካውም። ሦስተኛው ካሜራ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትልቅ ሰሌዳ የሚሠራ ነበር። ምስሉ ያማረ ቢሆንም ዕቃው ለማንሳት ብዙ ሰው የሚጠይቅ ስለነበረ፣ ውኃ ውስጥ ክብደቱን እንዲቀንስለት ባዶ በርሜል ታሰረበት።

የብርሃን ችግር

ባሕር ብርሃንን ይውጣል፤ ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይደክማል፤ ሰማያዊው ሩቅ ይወርዳል። በዚያ ዘመን የነበሩት ሰሌዳዎች ለቀይ ብርሃን ደካማ፣ ለሰማያዊ ደግሞ ንቁ ስለነበሩ ቡታን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበር። እንዲያውም ምስሉን ለማጥራት ሰማያዊ መስታወት ከሌንሱ ፊት ያደርግ ነበር። ቢሆንም የብርሃኑ መጠን ትንሽ ነበር። ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ በሆነ ቦታ እንኳ ካሜራው እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቡታን ከታች ሆኖ ይጠብቃል። የእርሳስ ጫማው የቀሰቀሰው ደለል እስኪረጋ ድረስ መታገሥም አለበት።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ የቆየ ካሜራ ዐለትን፣ የባሕር አረምንና ስፖንጅን ያነሳል። ዓሣን አያነሳም፤ ዓሣው ሰሌዳው ላይ ምልክት ሳይተው አልፎ ይሄዳል። የቡታን ዓላማ ሕይወት ያለውን ነገር ማሳየት ስለነበረ ብርሃን ይዞ መውረድ ግድ ሆነበት።

ሾፉር የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ ዕቃ ሠራለት፤ ኦክስጅን በተሞላ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ የማግኒዥየም ሽቦ ተጠቅልሎ በኤሌክትሪክ ይለኮሳል። ይህ ዕቃ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ የተለመደው የፍላሽ አምፖል አያት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን መስታወቱ ከሙቀቱ የተነሣ ይፈነዳ ስለነበረ ሊታመን አልቻለም።

ከዚያ በኋላ በርሜሉ መጣ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ኦክስጅን በበዛበት አየር ተሞላ፤ በላዩ ላይ የአልኮል መብራት ተቀምጦ በመስታወት ክዳን ተሸፈነ። ጠላቂው የጎማ ኳስ ሲጨምቅ የማግኒዥየም ዱቄት ወደ ነበልባሉ ይረጫል፤ በቅጽበትም ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ይወጣል። በርሜሉ ውኃ ውስጥ እንዲሰምጥ ክብደት ይታሰርበታል፤ ከቦታ ቦታ ማዘዋወሩም ከባድ ድካም ነበር። ከራሱ አጠገብ ኦክስጅንና እሳት ይዞ መውረድ ቀላል ድፍረት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ሌንሱም ሰሌዳውም ተሻሻለ። ቡታን ፀሐይ በደመቀችበት ጊዜ ብዙ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚዋኙ ዓሦችን በቅጽበት ማንሳት ቻለ፤ ስለዚህም በ1898 ጽሑፍ አወጣ። በ1899 ውኃ የማያስገቡ የኤሌክትሪክ አርክ መብራቶችን አገኘ። ካሜራው መብራቶቹን ይዞ ወደ 50 ሜትር ጥልቀት እንዲወርድ ተደረገ፤ መክፈቻውን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ከጀልባው በሽቦ የሚታዘዝ ኤሌክትሮማግኔት ነበር። በዚያው ዓመት ሩማንያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤሚል ራኮቪጻ በመጥለቂያ ልብስ ከባሕር በታች ሆኖ ፎቶግራፍ ተነሳ። ራኮቪጻ ያን ጊዜ ቤልጂካ በተባለችው መርከብ ካደረገው የአንታርክቲካ ጉዞ ገና መመለሱ ነበር። ይህ ፎቶግራፍ ዛሬም ከቡታን ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉ ታተመ። ቡታን የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ሙከራ ዘርዝሮ ጽፏል፤ ስለዚህም መጽሐፉ ለሠሪዎች ጠቃሚ ሆነ።

በኋለኞቹ ዓመታት

ከመጽሐፉ በኋላ ቡታን ወደ ሌሎች ጥናቶች ዞረ። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ኢንዶቻይና ሄዶ በሃኖይ የሳይንስ ጥናት ቡድን ውስጥ ሠራ። አንዲት ጊበን የምትባለውን የጦጣ ዓይነት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድጎ፣ የምታሰማቸውን ድምፆች መዝግቦ፣ ቋንቋ ሊባሉ ይችሉ እንደሆነ የመረመረበትን ሥራ በ1913 አሳተመ። በዚያን ጊዜ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታትም ከወንድሙ ጋር በመጥለቂያ መሣሪያ ላይ ሠርቷል።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጃፓን ሰዎች ኦይስተር ውስጥ ፍሬ አስገብተው የሚያሳድጉት ሉል ወደ ፓሪስ ገበያ ሲገባ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ሐሰተኛ ነው ብለው ተነሡ። ነገሩ ብዙ ገንዘብ የተያያዘበት ነበር። ቡታን ሉሉን መርምሮ፣ እንስሳው ራሱ የሚሠራው ስለሆነ ባሕር ውስጥ በራሱ ከሚገኘው ሉል በመሠረቱ እንደማይለይ በ1921 ጻፈ። ስለ ሉል የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ በ1925 ወጣ። የመጨረሻ ዓመታቱን በአልጄሪያ አሳልፎ በ1934 በዚያው አረፈ።

ከቡታን በኋላ

የማግኒዥየሙ ዘዴ ወዲያው አልተረሳም። በ1926 አሜሪካውያኑ ዊሊያም ሎንግሊ እና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ደሴቶች አካባቢ የመጀመሪያዎቹን ባለቀለም የባሕር ውስጥ ፎቶግራፎች ሲያነሱ ዱቄቱን በውኃው ላይ በተንሳፈፈ ታንኳ መሰል መደብ ላይ ለኩሰዋል፤ ሎንግሊም ዱቄቱ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ክፉኛ አቃጥሎታል። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 ጠላቂው አየሩን በጀርባው ይዞ የሚዋኝበትን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ፓምፑና ቱቦው ቀሩ። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስም ከ1949 ጀምሮ በፖርት ሱዳን አቅራቢያ የቀይ ባሕርን ዓሦችና ሻርኮች በቅርብ አነሳ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሣጥን ውኃ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ለገበያ ቀረበ።

ዛሬ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ ጠላቂ ተራ ካሜራ ወይም ስልክ በፕላስቲክ ሣጥን አድርጎ ይወርዳል። የሚገጥመው ነገር ግን ቡታን በባንዩልስ ያገኘው ነው። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከያዘ ውኃ ይገባል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደለል ብርሃኑን መልሶ ምስሉን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። በጠላቂውና በእንስሳው መካከል ያለው ውኃ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ውድ ሌንስ የሌለው ሰው ያለው ምርጫ ዓሣውን ሳያስበረግግ ቀስ ብሎ መቅረብ ነው። የአራጎ ላቦራቶሪ እስከ አሁን በባንዩልስ የባሕር ጥናት ማዕከል ሆኖ ይሠራል።