አያቴ የሚያውቀው ይድነቃቸው

ይድነቃቸው ተሰማ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ኮትና ከረባት ያደረጉትን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነው። እኔ ግን ደምበጫ ከአያቴ እጅ ስላደግሁ መጀመሪያ የሰማሁት ስለ ሌላ ይድነቃቸው፣ ስለ አጥቂው ነበር። አያቴ በ1940ዎቹ ማለቂያ ገና ጎረምሳ ሳለ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዶ ጥቂት ዓመት ቆይቷል። ገንዘብ ይዞ አልተመለሰም። ይዞ የተመለሰው የቅዱስ ጊዮርጊስን ፍቅር ነው። እኛ በጨርቅ ኳስ ስንራገጥ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያየናል እንጂ አንዳችንንም አያደንቅም፤ መለኪያው ይድነቃቸው ነዋ!

እውነቱን ለመናገር አላምነውም ነበር። አንድ ሰው እንዴት አጥቂም፣ አሰልጣኝም፣ የአህጉር መሪም ይሆናል? ለዚህች ጽሑፍ ብዬ ሳነብ ግን አያቴ የቀነሰው እንጂ የጨመረው እንደሌለ ገባኝ። (እሱ ሲያወራ አንተ እያለ ነው፤ እኔ አንቱ ልበልና ልቀጥል።)

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች እንግዳ አይደሉም፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ናቸው። ልጅየው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። 365 ጨዋታ፣ 318 ግብ ተመዝግቦላቸዋል። እንግዲህ አያቴ ያየው የማታውን ፀሐይ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሰውየው ሠላሳ አምስት ዓመት አካባቢ ነበሩ። እንደ አያቴ አባባል ግን ከመሮጥ ይልቅ መቆሚያውን ያውቁበት ነበር፤ ኳሷ ራሷ ፈልጋ ትመጣለች።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። ወጣትነታቸው ጣሊያን ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት በከለከለበት ዘመን ላይ ወደቀ። በገዛ አገራቸው ሜዳ ተለይቶ ተሰጣቸው። ከነፃነት በኋላ ፌዴሬሽኑን በ1935 ዓ.ም. ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። እኛ ስለ ትርጉም ስንማር ይህ ለምን እንደማይነሳ አላውቅም።

በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽኑን ሲመሠርቱ አቶ ይድነቃቸው እዚያው ነበሩ። በካርቱሙ የመጀመሪያ ዋንጫ ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም አለች፤ ሌሎቹም እንግዲያው ቅሪ አሏት። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ነገሩ በዚያ አላበቃም። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም ያዙት እንጂ አልለቀቁትም፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ ያባረራት በ1968 ዓ.ም. ነው። ሜዳ ተለይቶ የተሰጠው ልጅ አልረሳም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የ1954ቱን ዋንጫ ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። አሰልጣኙ እሳቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ጥር 13 ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ ስትመራ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2። አያቴ ያኔ ደምበጫ ተመልሶ እርፍ ጨብጧል፤ ይህን ጨዋታ ባለማየቱ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ 318 የሚለውን ቁጥር ለአያቴ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና፣ ዳኛው ያለ አግባብ የሻራት አንዲት ግብ እንዳለች፣ በዓይኑ እንዳያት፣ እሷም ተቆጥራ እንደሆነ ጠየቀኝ።