የዶክተር ሆጅኪን ኤግዚቢቶች

ሕግ ትምህርት ቤት ስገባ በመጀመሪያ የተማርኩት ነገር ቢኖር በጥርጣሬ ብቻ እንደማይፈረድ ነው። ይህን ደንብ ከብዙ ዳኞች በተሻለ ያከበሩ አንድ ሐኪም አውቃለሁ፤ ዶክተር ቶማስ ሆጅኪን ይባላሉ።

ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1798 ለንደን ውስጥ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለዱ። በኤዲንብራ ሕክምና ተምረው በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል የሬሳ ምርመራ መምህርና የሙዚየም ኃላፊ ሆኑ። በ1832 ንፍፊታቸውና ጣፊያቸው አብጦ የሞቱ የሰባት ሕሙማንን ጉዳይ ለሐኪሞች ማኅበር አቀረቡ። እንዲህ ያለው እብጠት የነቀርሳ ወይም የሌላ ቁስል መዘዝ ነው ተብሎ በሚታለፍበት ዘመን፣ እርሳቸው በሽታው ከራሱ ከንፍፊቱ እንደሚነሳ አስረዱ። ያን ጊዜ ግን ልብ ያላቸው ጥቂት ነው።

በ1837 በሆስፒታሉ የሐኪምነት ሹመት ቢወዳደሩም ተከለከሉ። የሆስፒታሉ አዛዥ የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ሹምም ነበሩ፤ ሆጅኪን ደግሞ ኩባንያው በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ስለሚያደርሰው በደል ጽፈውላቸው ነበር። እንጀራቸውን ያጡት ስለ ሰው መብት በመናገራቸው ጭምር ነው።

በ1865 ሳሙኤል ዊልክስ የተባሉ ሐኪም በሽታውን በሆጅኪን ስም ጠሩት። ሆጅኪን በዓመቱ ጃፋ ላይ በተቅማጥ በሽታ አረፉ። ያስቀመጧቸው ናሙናዎች ግን እንደ ኤግዚቢት ተጠብቀው ቆዩ። በ1926 በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱ በእርግጥም ይኸው በሽታ ሆነው ተገኙ። ከ94 ዓመት በኋላ ይግባኛቸው ጸና ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆጅኪን ሊምፎማ ከደም ካንሰሮች የሚመደብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ዕጢ ሆኖ ይበቅላል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያመጣል። ቲቢ በበዛበት አገራችን እነዚህን ምልክቶች ያየ ሁሉ አስቀድሞ ቲቢን ይጠረጥራል። መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ችግሩ ጥርጣሬው ፍርድ ሲሆን ነው። ራጅ ዕጢ መኖሩን ያሳያል እንጂ ምንነቱን አይመሰክርም። ምስክሩ ከዕጢው ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ይህ በሽታ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው።

እናም መድኃኒት እየዋጠ እብጠቱ ያልጎደለለት ሰው ናሙና እንዲወሰድለት ቢጠይቅ መብቱ ነው እላለሁ። ሆጅኪን ቢኖሩ የሚፈርዱት ይህንኑ ይመስለኛል።